ማን ይቅደም?

ከመቂ የመጡ እናት ነበሩ። ታሞ ለተኛ ልጃቸው ገንዘብ ሊያወጡ አዳማ፣ እኔ በምሠራበት ባንክ ወረፋ ያዙ። መስመር ተቋረጠ። ሲመለስ ሁሉንም በተራው አስተናገድኩ። ተራቸው ደርሶ ብሩን ቆጥሬ ስሰጣቸው፣ «ልጄ፣ የመጨረሻው መኪና ሄደ እኮ» አሉኝ። ሒሳቡ ሳንቲም አልጎደለውም፤ ግን ዘግይቷል።

ስለ ሮቦት ታሪክ ባነበብኩ ቁጥር እኒህ እናት ትዝ ይሉኛል።

ኮምፒውተር ሮቦትን በቅጽበት ይቆጣጠራል ሲባል ፈጣን ነው ማለት ብቻ አይደለም፤ በተቀጠረለት ቅጽበት ሳያዛንፍ ይደርሳል ማለት ነው። ዘግይቶ የመጣ ትክክለኛ ትእዛዝ እንደ ስሕተት ይቆጠራል። ተራው የቢሮ ኮምፒውተር ደግሞ ቀጠሮ አያከብርም፤ ፋይል ሲያስቀምጥ የሮቦቱን ክንድ አየር ላይ ይረሳዋል። በዚህም ምክንያት ሮቦትን ማዘዝ ለረጅም ጊዜ ለዚሁ ተብለው የተሠሩ ውድ መሣሪያዎች ድርሻ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ በአሜሪካ፣ በኒው ሜክሲኮ ቴክ፣ ቪክቶር ዮዳይከንና ሚካኤል ባራባኖቭ መላ ዘየዱ። ሊነክስ ለተባለው ነፃ ሥርዓት፣ ከሥሩ ሆኖ የሚያዘው ሌላ ትንሽ ሥርዓት አበጁለት። የማይቆየውን ሥራ ትንሹ ያስቀድማል፤ ሊነክስ በተረፈው ጊዜ የቀረውን ይሠራል። ለኮምፒውተሩ ጉልበት አልጨመሩለትም፤ የጨመሩለት ቅደም ተከተል ነው። በ2012 ራስቤሪ ፓይ የተባለው መዳፍ የሚያህል ኮምፒውተር በ35 ዶላር ለገበያ ቀረበ። ለሃያ ዓመታት ያህል በሌላ መንገድ ሲዳብር የቆየው የቅጽበት ሥራ ደግሞ በ2024 ከዋናው ሊነክስ ጋር ተዋሐደ።

እኛስ? እ.ኤ.አ. በ2018 ሶፊያ የተባለችው ሮቦት አዲስ አበባ ስትመጣ አንዳንድ የአካል ክፍሎቿን የያዘው ሻንጣ ፍራንክፈርት ላይ ጠፍቶ ነበር። ሶፍትዌሯን በመሥራት ከተሳተፉት ግን የአይኮግ ላብስ ኢትዮጵያውያን ወጣቶች ነበሩበት። አካሏ ከባሕር ማዶ መጣ፤ ሐሳቧ በከፊል ከዚሁ ከአዲስ አበባ ነበር።

በከተማችን ዙሪያ ባሉት ኮረብቶች ላይ 136 የነፋስ ተርባይኖች ቆመዋል። ነፋሱ ሲበረታ በውስጣቸው ያለው ኮምፒውተር የክንፋቸውን አቅጣጫ በጊዜው ያስተካክላል። ከሥራ ስወጣ ቆም ብዬ አያቸዋለሁ።

ያን ዕለት ጥፋቱ ሁሉ የመስመሩ አልነበረም። መስመሩ ሲመለስ ቀና ብዬ «የሚቸኩል ማን አለ?» ብል ኖሮ፣ ወረፋተኛው እኒያን እናት ያሳልፋቸው ነበር። አሁን እጠይቃለሁ።