ሣሩ የማን ነበር?

አዲስ አበባ ብዙ ነገር ብትረሳም የሰፈሮቿን ስም አልረሳችም። ሣር ቤት የሣር ክዳን ካየ ዘመን ሆኖታል። ላም በረት ላሞች ሳይሆኑ አውቶቡሶች ይሰለፉበታል። ሽሮ ሜዳ ጥለቱ ያማረ የሀገር ልብስ ይሸመትበታል እንጂ ከብት አይሰማራበትም። አያት ጨፌ ደግሞ ፎቅ በፎቅ ሆኗል፤ ጨፌ ማለት ግን ውሃ የማይለየው ለምለም መስክ ነው። እነዚህ ስሞች ባይኖሩ ኖሮ ከተማዪቱ በመስክ ላይ መቆሟን የሚመሰክር ብዙም ባልቀረ ነበር።

በመስክ ላይ እንጂ በባዶ መሬት ላይ አይደለም። ልዩነቱ የቃላት ጨዋታ ሊመስል ይችላል። ይሁንና የአዲስ አበባና የዙሪያዋ የመሬት ታሪክ በአብዛኛው የዚህ ልዩነት ታሪክ ነው። ባለከተማው «ባዶ» ያለውን ባላገሩ «ግጦሽ» ሲል ኖሯል፤ በሰነድ ላይ የሚጸናው ግን ብዙውን ጊዜ የባለከተማው ቃል ነበር።

ለከተማ ሰው ሣር ዝናብ ሲጥል በራሱ የሚበቅል ነገር ነው። ለሸዋ ደጋ ገበሬ ግን የሚጠበቅ ሀብት ነው። ከእንጦጦ ጀርባ የተዘረጋውን የሱሉልታ ሜዳ እንመልከት። አፈሩ በብዙ ቦታ ጥቁር መረሬ ነው፤ በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በበጋ ደርቆ ይሰነጠቃል። በሐምሌና በነሐሴ ውሃ የሚተኛበትን እንዲህ ያለ መሬት ማረስ ስለሚያስቸግር ነባሩ ገበሬ ከፍ ያለውን አርሶ ዝቅ ያለውን ለሣር ተወው። ተወው ስንል ግን ጣለው ማለታችን አይደለም። ለድርቆሽ የተከለለው ሣር ከብት ሳይገባበት ይከርማል፤ በጥቅምትና በኅዳር ይታጨዳል፤ ድርቆሹ ከተከመረ በኋላ ሜዳው ለከብት ይለቀቃል። የበጋው ችግር የሚታለፈው በዚያ ክምር ነው። ሣሩም ቢሆን አንድ ዓይነት አይደለም። ሰንበሌጡ ለጎጆ ክዳን፣ አክርማው ለስፌት፣ ሰርዶውና ማገጡ ለከብት ይውላል። ሜዳው የያዘውን ውሃ ደግሞ ቀስ እያለ ለወንዞች ይለቃል፤ የሱሉልታው በሙገር በኩል ዓባይ ይገባል።

ጨፌ የከብት ብቻም አልነበረም። ኦሮሞው ተሰብስቦ የሚመክረውና ሕግ የሚደነግገው እንዲህ ባለ መስክ ላይ ስለነበረ ቃሉ የጉባኤው መጠሪያ ሆነ። የኦሮሚያ ክልል ምክር ቤት ዛሬም «ጨፌ» ይባላል። ባዶ የተባለው መሬት ሸንጎ ነበር ማለት ነው።

እቴጌ ጣይቱ በ1879 ዓ.ም. ከእንጦጦ ብርድ ወርደው በፍልውሃው አካባቢ ቤት ሲያሠሩ፣ አዲስ አበባ የተወለደችው የቱለማ ኦሮሞዎች ከብት በሚያሰማሩበት በዚህ ዓይነቱ መስክ መካከል ነው። ጊዜው ወደ ክፉ ቀን የተቃረበ ነበር። ብዙ ሳይቆይ የገባው የከብት እልቂት የሀገሪቱን ከብት አብዛኛውን ጨረሰ፤ ረሃቡም እስከ 1884 ዓ.ም. ዘለቀ። ሣሩ በላተኛ ባጣበት በዚያ ወቅት ነው የመኳንንቱ ሰፈር በየኮረብታው የተተከለው።

ያም ሆኖ የመጀመሪያዪቱ አዲስ አበባ መስክን አልጠላችም። መልኳ የጦር ሰፈር ስለነበር በሰፈርና በሰፈር መካከል ሰፊ ሜዳ ነበራት። ፈረሱና በቅሎው ሣር ይፈልጋል፤ ጎጆው ክዳን ይፈልጋል። ከተማዪቱን ያስጨነቃት የእንጨት እጦት ነበር። ጭንቀቱ በርትቶ መናገሻውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር እስከማሰብ ተደርሷል። መፍትሔ የሆነው በ1880ዎቹ ከውጭ የገባው ባሕር ዛፍ ነው። ዛፉ ከተማዪቱን አዳናት፤ በፋንታው የእንጦጦን ተዳፋት ወሰደ።

ከጣሊያን ወረራ በኋላ መኪና የበቅሎን ቦታ ሲይዝ፣ ቆርቆሮም የሣር ክዳንን ሲተካ፣ ከተማው ሣርን የሚፈልግበት ምክንያት አንድ በአንድ አለቀ። የቀረው ወተት ነበር። በ1930ዎቹ መጨረሻ በሾላ የወተት ሥራ ተጀመረ፤ የሱሉልታና የሰላሌ ላሞች ከተማውን አጠጡ፤ የሸኖ ለጋ ቅቤም ስሙ ገነነ። ይሁን እንጂ ወተቱን የሚጠጣው ሰው ከወተቱ ጀርባ ያለውን ሜዳ አያየውም። በ1950ዎቹ አጋማሽ የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ሲሠራ የተመረጠው ሜዳ ስለሆነ ነው፤ ሜዳ ለመሐንዲስ ያመቻል።

በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት፣ በዚያው ዓመት በሐምሌ ደግሞ የከተማ ቦታ የመንግሥት ሆነ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ የከተማ ቦታን በሊዝ አደረገው። ከዚያ በኋላ በከተማው ወሰን ውስጥ የገባ መሬት በካሬ ሜትር ይቆጠር፣ በጨረታም ይቀርብ ጀመር። የሕዝቡም ቁጥር አልቆመም፤ በ1976 ዓ.ም. ቆጠራ ወደ 1.4 ሚሊዮን የነበረው በ1987 ዓ.ም. 2.1 ሚሊዮን፣ በ1999 ዓ.ም. 2.7 ሚሊዮን ደረሰ። ይህ ሁሉ ሰው ቤት ያስፈልገዋል፤ ያንን የሚክድ የለም። ጥያቄው ከተማው ለቤቱ የሚወስደውን መሬት እንዴት ቆጠረው የሚለው ነው።

በ1997 ዓ.ም. የወጣው የካሳ አዋጅ ቁጥር 455 መልሱን ይሰጠናል። መሬቱን ለዘለቄታው የሚለቅ ገበሬ ያለፉት 5 ዓመታት አማካይ ዓመታዊ ገቢው በ10 ተባዝቶ ይከፈለዋል። ጤፍ ያመረተ በጤፉ፣ ባሕር ዛፍ የተከለ በዛፉ ይታሰብለታል። ከብቱ ከጎረቤቱ ከብት ጋር በጋራ የሚግጥበት መስክ ግን ለማን፣ በምን ሂሳብ ይከፈል? አዋጁ በግልጽ አልመለሰውም። ስለዚህ ብልህ ገበሬ ምን ያደርጋል? መስኩን ያርሰዋል፤ አለዚያ ባሕር ዛፍ ይተክልበታል። መስክን መጠበቅ የሞኝ ሥራ ሆነ። የካ አባዶ፣ ቦሌ አራብሳና ኮዬ ፈጬ የጋራ መኖሪያ ቤቶች የተነሡት በእርሻና በግጦሽ መሬት ላይ ነው፤ የጤፉን ዋጋ ከመዝገብ ማግኘት ሲቻል የግጦሹን ለማግኘት ያዳግታል።

ቅሬታው ተጠራቅሞ በሚያዝያ 2006 ዓ.ም. አዲስ አበባንና ዙሪያዋን ያቀናጃል በተባለው ማስተር ፕላን ሳቢያ ፈነዳ፤ ሕይወትም ጠፋ። በኅዳር 2008 ዓ.ም. ሁለተኛው ማዕበል ከጊንጪ ሲነሣ የግጭቱ መነሻ አንድ ደንና የወጣቶች ኳስ ሜዳ ነበር። በጥር ወር ፕላኑ ተሰረዘ። የጋራ ሜዳ ባዶ አለመሆኑን መንግሥት የተማረው በዚህ ዋጋ ነው። በኋላ የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 የገቢውን ሂሳብ ወደ 15 ዓመት ከማሳደጉም በላይ ለወል መሬት ካሳ እንዲታሰብና ለተጠቃሚዎቹ እንዲከፋፈል ደነገገ። ዘግይቶም ቢሆን ሣሩ ባለቤት አገኘ።

ነገሩ ግን በካሳ ብቻ አይዘጋም። የጃን ሜዳን ነገር እናስታውስ። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት የአትክልት ገበያው ወደዚያ ሲዛወር ሜዳው ክፍት ቦታ ስለነበረ ነው። የ2013 ዓ.ም. ጥምቀት ሲቃረብ ግን ሕዝቡ «ቦታው ይለቀቅልን» አለ፤ ተለቀቀም። ጃን ሜዳ የሚከራከርለት ትልቅ በዓል አለው። የሱሉልታ ሜዳ ግን ያለው ድርቆሽ አጫጅ፣ ጥቂት ላም አላቢና ጠዋት ጠዋት የሚሮጡበት አትሌቶች ናቸው። በ2015 ዓ.ም. ሱሉልታ ከቡራዩ፣ ከሰበታና ከሌሎቹ ጋር ሸገር ከተማ ውስጥ ገብታለች፤ እንግዲህ ሜዳው በስምም ከተማ ሆኗል።

ካሳ የሚከፈለው ለሚነሣው ነው። ሜዳው ይዞት የነበረው የክረምት ውሃ መንገድ ላይ ሲፈስ፣ ድርቆሽ ያጣችው ላም በፉርሽካና በፋጉሎ ስትቀለብ፣ የወተቱም ዋጋ በዚያው ልክ ሲወጣ፣ ከፋዩ የማይነሣው ሰው ነው፤ ያውም እዚያው ከተማ ውስጥ የሚኖረው። ሣሩ የማን ነበር ብለን ስንጠይቅ፣ የራሳችንንም ድርሻ እየጠየቅን ነው።