ከጸሎት የሚኮበልል ልብ

ጸሎት የአፍ ብቻ ሳይሆን የልብም ሥራ ነው የሚለው እምነት በአይሁድ ሊቃውንት ዘንድ እጅግ የቆየ ነው። ልብን በሚነገረው ቃል ላይ ማሳረፍን «ካቫና» ይሉታል። የካቫና ታሪክ ሲመረመር ግን ይበልጡን ያልተሳካላቸው ሰዎች ታሪክ ሆኖ ይገኛል።

እ.ኤ.አ. በ200 ገደማ የተጠናቀረው ሚሽና፣ የጥንት ደጋጎች ከጸሎት በፊት አንድ ሰዓት ሙሉ ልባቸውን ሲሰበስቡ ይቆዩ እንደ ነበር ይተርካል። እንጀራውን በላቡ የሚያገኘው ግንበኛ እንዲህ ያለውን ሰዓት ከወዴት ያመጣል? ሚሽና ይህንም አልዘነጋም፤ ሠራተኛው ከዛፍ ወይም ከካብ ላይ ሳይወርድ «ሼማ» የተባለውን ምንባብ እንዲደግም ፈቅዶለታል። ለዋናው የቁም ጸሎት ግን ፈቃዱ አልተሰጠውም፤ ከፍታ ላይ የቆመ ሰው ልቡ ከመውደቅ ሥጋት አይላቀቅምና።

ከሁሉ የሚያስደንቀው በኢየሩሳሌም ታልሙድ ተጽፎ የቀረው የታላላቅ መምህራን ኑዛዜ ነው። ረቢ ሒያ በዕድሜው ሙሉ በጸሎት ልቡን ሰብስቦ አያውቅም፤ አንድ ጊዜ ሊሞክር ቢነሣ፣ ወደ ንጉሥ ቀድሞ የሚገባው የፋርሱ ሹም ነው ወይስ የምርኮኞቹ አለቃ እያለ ሲያወጣና ሲያወርድ ራሱን አገኘው። ሳሙኤል ጫጩት ይቆጥር ነበር። ሌላው የግንብ ድርድር ይቆጥራል። ረቢ ማታንያ ደግሞ ጸሎቱ ከምስጋናው ክፍል ሲደርስ ሳያዘው በራሱ የሚያጐነብሰውን ጭንቅላቱን ያመሰግናል። አንድን ቃለ ተውኔት መቶ ሌሊት የደገመ ተዋናይ ይህን ጭንቅላት ሳያውቀው አይቀርም። መጽሐፉን ያጠናቀሩት ሰዎች ይህን ገመና አለመፋቃቸው ሊያስመሰግናቸው ይገባል።

በግብፅ፣ በፉስጣጥ የኖረውና እ.ኤ.አ. በ1204 ያረፈው ሙሴ ማይሞኒደስ ግን ጠበቅ አደረገው። ካቫና የሌለው ጸሎት ጸሎት አይደለምና ይደገም አለ፤ ከመንገድ የደከመ ሰውም ልቡ እስኪረጋ እስከ ሦስት ቀን ይቆይ። ሕጉ ያማረ ነው፤ ፈጻሚው ግን የት ይገኛል? እ.ኤ.አ. በ1572 ያረፈው የክራኮው ሙሴ ኢሰርለስ፣ በእርሱ ዘመን በዚህ ምክንያት ጸሎት እንደማይደገም ጻፈ፤ ሲደገምም ልብ መኮብለሉ አይቀርምና። ስንፍናን መፍቀድ የሚመስለው ይኖራል፤ ነገሩ ግን ሕግ ከሰው ተፈጥሮ ጋር ያደረገው እርቅ ነው።

በ18ኛው መቶ ዓመት በምሥራቅ አውሮፓ የተነሣው የሐሲዲም እንቅስቃሴ ደግሞ፣ ባዘነው የመጣ ሐሳብ ሊባረር ሳይሆን ወደ ምንጩ ከፍ ሊደረግ እንደሚገባ አስተማረ። ከዚያው ወገን የሆነው ሽኔዎር ዛልማን እ.ኤ.አ. በ1796 በታተመው «ታንያ» በተሰኘው መጽሐፉ ይህ ለተራው ሰው እንዳልሆነ አስጠነቀቀ። ራሱ ከታች የታሰረ ሌላውን እንደ ምን ያነሣል? እንዳልሰማ ሆኖ ጸሎቱን ይቀጥል ሲል መከረ።