ጎረምሳው አባት ወዴት ሄደ?

«እናት እውነት፣ አባት እምነት» ይላል ያገራችን ሰው። አባባሉ አጭር ቢሆንም የብዙ አገር ሕግና የብዙ ዘመን ሙግት በውስጡ ይዟል። የእናትነት ማስረጃው ሆድ ነው፤ ጎረቤት ሁሉ ያየዋል። አባትነት ግን ወይ ባለቤቱ ያምናል፣ ወይ ይክዳል። በተለይ አባት የተባለው ገና ጺሙ ያልበቀለ፣ ደብተር ይዞ የሚውል ጎረምሳ በሆነ ጊዜ፣ ወሬውም ቁጣውም በልጅቷ ላይ ይወርድና እሱ ከነገሩ መሐል ሹልክ ብሎ ይወጣል። ለመሆኑ ወዴት ይሄዳል? ሸሽቶ ነው ወይስ ተገፍቶ? ይህን ለመመለስ አስቀድሞ ሕግ በየዘመኑ ከእሱ ምን ይፈልግ እንደነበር ማየት ደግ ነው።

እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1576፣ በቀዳማዊት ኤልሳቤጥ ዘመን አንድ ሕግ አወጡ። ከጋብቻ ውጭ የተወለደ ሕፃን ለአጥቢያው ሸክም የሚሆን ከሆነ፣ ሁለት ዳኞች ተቀምጠው እናቲቱና አባት ነው የተባለው ሰው በየሳምንቱ ገንዘብ እንዲከፍሉ ያዛሉ። ትእዛዙን ያልፈጸመ ወኅኒ ይወርዳል። ሕጉን ያስጨነቀው የሕፃኑ አባት ማጣት ሳይሆን የአጥቢያው ካዝና መጉደል ነበር። በ1834 የወጣው አዲሱ የድሆች ሕግ ደግሞ ሸክሙን ይበልጡን ወደ እናቲቱ ትከሻ አዞረው። እሷ ራሷ አባትየውን ከስሳ ቀለብ የማስቆረጥ መብት ያገኘችው ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በ1844 ነው።

ፈረንሳዮች ይባስ ብለው በሩን ዘጉት። እ.ኤ.አ. በ1804 የወጣው የናፖሊዮን የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ በ340ኛው አንቀጹ፣ አባትን በፍርድ ቤት መፈለግን ከለከለ። የተወው አንድ ቀዳዳ ብቻ ነበር፤ እሱም ጠለፋ ነው። ልጅቷ የተጠለፈችበትና የፀነሰችበት ጊዜ ከገጠመ ጠላፊው አባት ሊባል ይችላል። ከዚህ በቀር ሰውየው ራሱ ካላመነ የሚነካው አልነበረም። ይህ ክልከላ እስከ 1912 ድረስ 108 ዓመት ጸንቶ ኖረ።

ይህን የሩቅ አገር ታሪክ ያነሣሁት ያለ ነገር አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የታወጀውን የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ ያረቀቁት ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ናቸው። የእኛም ሕግ በ758ኛው አንቀጹ፣ አባትነት በፍርድ ሊታወቅ የሚችለው እናቲቱ በፀነሰችበት ጊዜ ተጠልፋ ወይም ተገድዳ ተደፍራ እንደሆነ ነው አለ። ቀጥሎ ያለው አንቀጽ ደግሞ በሌላ በማናቸውም ምክንያት አይቻልም ሲል በሩን ቀረቀረው። ጋብቻ ወይም እንደ ባልና ሚስት አብሮ መኖር ከሌለ፣ አባትየውም ልጄ ነው ብሎ ካልተቀበለ፣ የሕፃኑ የሕግ ዝምድና ከእናቱ ጋር ብቻ ሆኖ ይቀራል።

እስቲ በዚህ ሕግ ዘመን የአሥራ ስድስት ዓመት ጎረምሳ አንዲት የክፍሉን ልጅ አስረገዘ እንበል። ማግባት አይችልም፤ ሕጉ ለሴት 15 ለወንድ 18 ዓመት ይጠይቃልና። ከንጉሠ ነገሥቱ ወይም ከእንደራሴያቸው ልዩ ፈቃድ ካልመጣ በቀር የጋብቻው መንገድ ዝግ ነው። መክሰስም አይቻልም። የቀረው የጎረምሳው ቃል ብቻ ነበር። ለመካድ አንድ ቃል ይበቃው ነበር፤ ለማመን ግን ቤተሰቡን፣ ትምህርቱንና ስሙን መጋፈጥ ነበረበት። ልጁ ግን አላጠፋም፤ «ዲቃላ» የሚለውን ስም ዕድሜውን ሙሉ የሚሸከመው ግን እሱ ነው።

ነገሩ የተለወጠው ከአርባ ዓመት በኋላ ነው። በ1987 ዓ.ም. በሥራ ላይ የዋለው ሕገ መንግሥት በ36ኛው አንቀጽ ከጋብቻ ውጭ የተወለዱ ልጆች በጋብቻ ከተወለዱት ጋር እኩል መብት እንዳላቸው ደነገገ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213፣ ደግሞ የጋብቻን ዕድሜ ለሁለቱም 18 አደረገው፤ የአባትነት ክስንም በር ከፈተ። ከጠለፋና ከመደፈር ሌላ፣ በጋብቻ ተስፋ መታለል፣ አባትነትን የሚያረጋግጥ ደብዳቤ ወይም ጽሑፍ፣ ለተወሰነ ጊዜ ያልተቋረጠ ግንኙነት፣ እንዲሁም ልጁን እንደ አባት ሆኖ በመንከባከብና በማሳደግ መሳተፍ ማስረጃ ሊሆኑ ቻሉ። ጎረምሳው በደብተር ወረቀት ላይ የጻፈው ቃል ዳኛ ፊት ሊቀርብ ይችላል ማለት ነው። አማራንና ኦሮሚያን የመሳሰሉ ክልሎችም የየራሳቸውን የቤተሰብ ሕግ አወጡ።

ታዲያ ሕግ አስገድዶ ስም ቢያሰጥ፣ ቀለብም ቢያስቆርጥ፣ አባት ይገኛል? አሜሪካኖች ይህን ጉዳይ ለረጅም ዓመታት ተከታትለው አጥንተውታል። ፍራንክ ፈርስተንበርግ የተባሉት የሶሲዮሎጂ ምሁር በባልቲሞር ከተማ እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በአፍላነታቸው ያረገዙ ልጃገረዶችን እስከ 1980ዎቹ ድረስ ተከታተሉ። የአባቶቹ ዱካ ዓመት በጨመረ ቁጥር እየሳሳ ሄዶ አገኙት። ከ1998 እስከ 2000 በሃያ ትልልቅ ከተሞች የተወለዱ 4,900 ያህል ሕፃናትን የተከታተለ ሌላ ጥናት ደግሞ፣ በሁሉም ዕድሜ ካሉ ያልተጋቡ ወላጆች ከአሥሩ ስምንቱ ያህል ሕፃኑ በተወለደ ሰሞን በፍቅር አብረው እንደነበሩ አሳየ። ከአምስት ዓመት በኋላ ግን አንድ ላይ የቀሩት ሲሶ ያህሉ ናቸው።

ከዚህ የምንረዳው ቁም ነገር አለ። ብዙው አባት የሚጠፋው በመጀመሪያው ቀን አይደለም። ሕፃኑን ሊያይ ይመጣል፤ ያቅፈዋል። በኋላ ሥራ ያጣል፤ ባዶ እጁን መምጣት ያሳፍረዋል። ከልጅቷ ጋር ይጣላል፤ ከእሷ ሲርቅ ከልጁም ይርቃል። የልጅቷ እናት «ምን ይዘህ መጣህ?» ብላ በሩ ላይ ትቆማለች፤ ብትቆጣ አይፈረድባትም፤ የልጅዋ ትምህርት የተቋረጠው በእሱ ጦስ ነውና። በዚህ ዓይነት ሳምንቱ ወር፣ ወሩ ዓመት ይሆናል።

ይህን የምለው ጎረምሳውን ከተጠያቂነት ለማዳን አይደለም። ልጅቷ ሕፃኑን አዝላ በቀረችበት ሰዓት እሱ ፈተና ይቀመጣል፤ ይህ ግፍ ነው። የ1992ቱ ሕግም ለዚህ ግፍ መልስ ለመስጠት ሞክሯል። ነገር ግን አንድ አደጋ አለው። ልጁን መንከባከብ በራሱ የአባትነት ማስረጃ ሲሆን፣ የወተት መግዣ ይዞ የሚመጣው በእጁ ማስረጃ ይጽፋል፤ የማይመጣው ግን ምንም አልጻፈም። ፈሪው ጎረምሳ፣ ይልቁንም ፈሪ ወላጆቹ፣ ይህን ሲያውቁ «አትሂድ፤ እንዳትነካካ» ይሉታል። ስለዚህ ፍርድ ቤት ብቻውን አይበቃም። የሁለቱ ቤተሰብ ሽማግሌዎች ካሣና እርቅ ብቻ ተነጋግረው ከመለያየት፣ ልጁ በየትኛው ቀን አባቱን እንደሚያይ፣ ጎረምሳው ትምህርቱን ሳይተው ቅዳሜና እሑድ ምን እንደሚሠራና ልጅቷ ወደ ክፍሏ እንዴት እንደምትመለስ ቢቆርጡ ይሻላል።

ሕግ ለአራት መቶ ዓመታት ከአባት ገንዘብና ስም ሲጠይቅ ኖሯል። ልጁ ግን ከስሙ ባሻገር የሚጠብቀው አለ፤ በር ሲንኳኳ «አባዬ ነው» ብሎ ሮጦ የሚከፍትለትን ሰው። ያ ሰው በሩ ላይ እንዲደርስ መንገዱን የሚጠርግለት ማን ነው? እኛ ወላጆች፣ መምህራንና ጎረቤቶች ነን።