የዚምባብዌ የድንጋይ ቅርጽ እና «ሾና» የተሰኘው ስያሜው

በዓለም የሥነ ጥበብ ገበያ «የሾና ቅርጻ ቅርጽ» በሚል የሚታወቀው የዚምባብዌ የድንጋይ ጥበብ ስያሜውን ያገኘው በአገሪቱ በብዛት ከሚኖረው የሾና ሕዝብ ነው። ይሁን እንጂ ጥበቡን አሁን ላለበት ደረጃ ካበቁት ባለሙያዎች መካከል ከማላዊ፣ ከሞዛምቢክ፣ ከዛምቢያና ከአንጎላ ለእርሻ ሥራ የመጡ በርካታ ሰዎች ይገኙበታል። በዚህም ምክንያት ስያሜው የእነዚህን ሰዎች ድርሻ ይሸፍናል በሚል ሲያከራክር ቆይቷል።

አገሪቱ በድንጋይ ሥራ የቆየ ታሪክ እንዳላት አያጠያይቅም። ከ11ኛው እስከ 15ኛው ክፍለ ዘመን በታነጸችው በታላቋ ዚምባብዌ ፍርስራሽ ውስጥ የተገኙት ከሳሙና ድንጋይ የተቀረጹ ስምንት ወፎች ለዚህ ማስረጃ ሲሆኑ፣ የወፉ ምስልም በብሔራዊው ሰንደቅ ዓላማ ላይ ሰፍሯል። ነገር ግን በእነዚያ ጥንታዊ ቀራጺያንና በዛሬዎቹ መካከል ሳይቋረጥ ከአባት ወደ ልጅ የተላለፈ ሙያ ስለመኖሩ የሚያሳይ ነገር የለም። የአሁኑ ጥበብ ጅማሬ የ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ነው።

እ.ኤ.አ በ1957 በያኔዋ ሳልስበሪ፣ በዛሬዋ ሐራሬ፣ ብሔራዊው የሥነ ጥበብ ጋለሪ ሲከፈት የመጀመሪያው ዳይሬክተር የሆኑት እንግሊዛዊው ፍራንክ ማክዩን ነበሩ። ማክዩን በጋለሪው ውስጥ የአካባቢው ተወላጆች የሚሠሩበት ወርክሾፕ አቋቋሙ። ወደዚያ ከመጡት ብዙዎቹም በሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ያለፉ አልነበሩም። ቶማስ ሙካሮብግዋ የጋለሪው አስተናጋጅ፣ ኒኮላስ ሙኮምበራንዋ ደግሞ ፖሊስ ነበሩ። «የዚምባብዌ ቅርጻ ቅርጽ አባት» የሚባሉት ጆራም ማሪጋም በምሥራቃዊው የኒያንጋ አካባቢ በግብርና ኤክስቴንሽን ሠራተኛነት የተሰማሩ የመንግሥት ተቀጣሪ ነበሩ። ማሪጋ በለስላሳ ድንጋይ ጀምረው ወደ ጠንካራው ከመሸጋገራቸውም በላይ ጆንና በርናርድ ታካዊራን የመሳሰሉ የቅርብ ዘመዶቻቸውን አሠልጥነዋል። ሙያው በስፋት የተዛመተውም በእንዲህ ዓይነት የቤተሰብ ሥልጠና ነው።

ሁለተኛው መነሻ ከመዲናዋ በስተሰሜን በጉሩቬ አቅራቢያ የሚገኘው ቴንገኔንጌ የተባለው ሥፍራ ነው። በ1965 የሮዴዥያ ነጮች መንግሥት በራሱ ፈቃድ ነፃነት ማወጁን ተከትሎ የተጣለው ማዕቀብ የትምባሆ ንግድን ሲጎዳ፣ የትምባሆ ገበሬው ቶም ብሎምፊልድ ሌላ የገቢ ምንጭ ፍለጋ ጀመሩ። በ1966 ቀራጺው ክሪስፔን ቻካንዩካ በእርሻው ላይ ለቅርጽ የሚሆን የሰርፔንታይን ድንጋይ መኖሩን አሳዩዋቸው። የእርሻው ሠራተኞችም መዶሻና መሮ አነሱ። ትራክተር ሲያሽከረክሩ የነበሩት በርናርድ ማተሜራ ሦስት ጣት ባላቸው ግዙፍ ምስሎቻቸው ታወቁ። ከማላዊ የመጡት አማሊ ማሎላና በዛምቢያ የተወለዱት ፋኒዛኒ አኩዳም ሥማቸው የተጠራው ከዚሁ ሥፍራ ነው። ስለዚህ በቴንገኔንጌ የተሠራን ሁሉ በአንድ ሕዝብ ስም መጥራት ከእውነታው ጋር አይጣጣምም።

ቀራጺያኑ የሚጠቀሙበት ድንጋይ አብዛኛው ከሰርፔንታይን ዝርያ ሲሆን፣ ከእነዚህ መካከል ስፕሪንግስቶን የሚባለው ጠንካራና ጥቁር ድንጋይ በእጅጉ ይፈለጋል። ቀራጺው በመዶሻና በሾለ መሮ ቅርጹን ካወጣ በኋላ በሞረድ ያስተካክላል። ቀጥሎም ውኃ እያርከፈከፈ ከሻካራው እስከ ልሙ ባለው የብርጭቆ ወረቀት ደጋግሞ ያሻሸዋል። በመጨረሻም ድንጋዩ በእሳት ሞቆ ሰም ይቀባል፤ ሙቀቱ ሰሙን ወደ ውስጥ ሲያሰርገው ደብዛዛ የነበረው ቀለም ይደምቃል። ሻካራ የተተወው ክፍል ከተወለወለው ጎን ሲታይ የሚፈጥረው ልዩነት ለሥራው ውበት ይሰጠዋል። ማሻሸቱ አድካሚና ብዙ ቀናት የሚወስድ በመሆኑ አብዛኛውን ጊዜ በረዳቶች ይከናወናል። የረዳቶቹ ስም ግን በድንጋዩ ላይ አይጻፍም።

ማክዩን በ1971 በፓሪስ የሮዳን ሙዚየም የተካሄደውን ዐውደ ርእይ ጨምሮ ሥራዎቹ በውጭ አገራት እንዲታዩ አድርገዋል። በ1973 ከኃላፊነታቸው ለቅቀዋል። ሥራዎቹን ከሾና እምነትና ከአያት መናፍስት ጋር አያይዘው ማስተዋወቃቸው ገዢ ቢያስገኝም፣ ከጊዜ በኋላ ትችት አስነስቷል። ቀራጺያኑ ሁሉ ሾና አልነበሩምና፤ ሾና የሆኑትም ቢሆኑ ክርስቲያን ወይም የከተማ ነዋሪ ሊሆኑ ይችላሉ። በ1956 የተወለዱት ታፕፉማ ጉትሳ ድንጋይን ከእንጨትና ከብረት ጋር በማዋሃድ፣ ኮሊን ማዳሞምቤ ደግሞ በቀሚስ የተንቆጠቆጡ ሙሉ ሰውነት ያላቸውን የገጠር ሴቶች በመቅረጽ ከዚህ ጠባብ አመለካከት የወጡ ሥራዎችን አበርክተዋል።

ከ2000 ወዲህ በዚምባብዌ የደረሰው የኢኮኖሚ ቀውስ የጎብኚዎችን ፍሰት በመቀነሱ ባለሙያዎቹ ይበልጥ የውጭ ነጋዴ ጥገኛ ሆኑ። ድንጋዩ ከባድ በመሆኑ ለማጓጓዝ ከፍተኛ ወጪ ይጠይቃል፤ ይህን ወጪ መሸፈን የሚችለው ደግሞ ከቀራጺው ይልቅ ነጋዴው ነው። በዚህ ላይ ታዋቂ ሥራዎችን እየገለበጡ በመንገድ ዳር በርካሽ የሚሸጡ መበራከታቸው የፊርማ ጉዳይ ከክብር አልፎ የእንጀራ ጉዳይ እንዲሆን አድርጎታል።

ጆራም ማሪጋ በ2000፣ ኒኮላስ ሙኮምበራንዋና በርናርድ ማተሜራ በ2002፣ ቶም ብሎምፊልድ በ2020 ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። የቴንገኔንጌን የመሪነት ኃላፊነት በ2007 ከብሎምፊልድ የተረከቡት በ1968 የተወለዱት ቀራጺው ዶሚኒክ ቤንሁራ ናቸው።