ሚዛንና ቴፒ ለመሄድ ያሰባችሁ፣ ይቺን አንብባችሁ ሂዱ

ክረምቱ ወጥቶ የቡና ለቀማ ሲቃረብ «ሚዛን እንዴት ነው? ቴፒስ? ምን ይያዛል?» የሚሉኝ ወዳጆች ይበዛሉ። ስለ መኝታና ስለ መኪና የሚነግራችሁ ሰው አታጡም። እኔ ታሪኩን ላውራችሁ። አገሩን ሳያውቅ የሄደ ሰው ደን አይቶ፣ ቡና ጠጥቶ፣ ፎቶ ተነስቶ ይመለሳል፤ ያየው ምን እንደሆነ ግን አያውቅም። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው ያስቀመጥኳቸው።)

1. መንገዱ

ከአዲስ አበባ ሚዛን ተፈሪ ከ550 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በጅማ፣ በቦንጋና በውሽውሽ የሻይ እርሻ አድርጋችሁ ትገባላችሁ። ከሚዛን ቴፒ ደግሞ ወደ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት። ሌላ መንገድም አለ፤ በመቱ፣ በጎሬና በማሻ በኩል ቴፒ የሚያወጣው። ይሄኛው ታሪክ አለው። በ1902 አፄ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር በተዋዋሉት መሠረት ጋምቤላ ላይ የንግድ ጣቢያ ተከፈተ። የምዕራቡ ቡና በበቅሎና በሰው ጫንቃ ወደ ባሮ ወርዶ፣ ወንዙ በሚሞላበት በክረምት ወራት በእንፋሎት ጀልባ ወደ ካርቱም ይጫን ነበር። ዛሬ «ጠረፍ» የምንለው አገር ያኔ ለዓለም ገበያ በር ነበረው ማለት ነው።

2. ስሞቹ

ይሄ ከሁሉም ይበልጣል፣ ልብ በሉ። ሚዛን ያለችው በቤንች ሸኮ ዞን ነው፣ ቴፒ ደግሞ በሸካ ዞን። ሁለቱም በሴፕቴምበር 2021 ሕዝበ ውሳኔ በተመሠረተው የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ውስጥ ናቸው። በድሮው አጠራር ሚዛን የከፋ ጠቅላይ ግዛት፣ የጊሚራ አውራጃ ከተማ ነበረች። «ጊሚራ» ግን ሌላ ሰው ያወጣው ስም ነው፤ ሕዝቡ ራሱን ቤንች ይላል። በቴፒ በኩል ያሉትን መዠንግሮች ደገኛው «ማሶንጎ» ይላቸው ነበር፤ እነሱ እንደዚያ አይሉም። የድሮ መጽሐፍ ላይ ያነበባችሁትን ስም ይዛችሁ ሰው ፊት እንዳትጠሩት። ሸኮ፣ ሸካቾ፣ ከፊቾ፣ ሜኒት እያሉ ራሳቸውን በሚጠሩበት ጥሯቸው።

ቋንቋውም ቀላል እንዳይመስላችሁ። የቤንች ቋንቋ ስድስት የድምፅ ቃና አለው። አንድ ቃል ከፍ ወይ ዝቅ ተደርጎ ሲነገር ትርጉሙ ይለወጣል። በዓለም ላይ እንደዚህ ያሉ ቋንቋዎች ጥቂት ናቸው። ሰላምታውን ተማሩ፤ ቃናውን ብትስቱት ይስቁባችኋል እንጂ አይቀየሟችሁም።

3. ዝም የሚባለው ታሪክ

በ1897 የራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር የከፋን መንግሥት አሸንፎ ንጉሡን ጋኪ ሸሮቾን ማረከ። ከዚያ በኋላ ደቡብ ምዕራቡ በሙሉ በማዕከላዊው መንግሥት እጅ ገባ። ነፍጠኛ ሰፈረ፣ ገባር ሥርዓት ተዘረጋ። ከገባር የባሰው ግን የባሪያ ፍንገላው ነበር። በማጂና በጊሚራ በኩል መንደር በመንደር ሰው እየታደነ ወደ ሰሜን ተነዳ፤ አንዳንዱ አካባቢ ሰው አልባ እስኪሆን። እንግሊዝ ማጂ ላይ ቆንስላ የከፈተችበት አንዱ ምክንያት ራሱ የባሪያና የዝሆን ጥርስ ዘራፊዎች ድንበር እያለፉ ወደ ግዛቶቿ መግባታቸው ነበር። ኢትዮጵያ በ1923 የመንግሥታት ማኅበር አባል ስትሆን ባርነትን ለማስቀረት ቃል ገባች፤ በ1924 አዋጅ ወጣ፤ ሙሉ በሙሉ የከለከለው ሕግ የመጣው ግን በ1942 ነው። ይሄ ያን ያህል ሩቅ አይደለም፤ የአያቶቻችን ዘመን ነው። እዚያ አንድ ሽማግሌ ስለ ዘር ሐረጋቸው ሲጠየቁ ዝም ካሉ፣ ዝምታው ከየት እንደመጣ እወቁ።

4. ጌሻ

አሁን ወደ ቡናው። በ1930ዎቹ ማጂ የነበረው የእንግሊዝ ቆንስል ከአካባቢው ደን የቡና ዘር አስለቅሞ ወደ ኬንያ ላከ። ዘሩ ከኬንያ ወደ ታንዛኒያ ሄደ። በ1953 ኮስታሪካ የሚገኝ የምርምር ማዕከል ደረሰ፤ በ1960ዎቹ ደግሞ ፓናማ። የፈለጉት ለጣዕሙ አልነበረም፤ የቅጠል ዋግ በሽታን ይቋቋማል ተብሎ ነው። ምርቱ አነስተኛ ስለሆነ ገበሬው ብዙም አልወደደውም፣ ጥግ ላይ ተረሳ። በ2004 ግን በፓናማው ውድድር አንድ እርሻ ለብቻው ለይቶ አቀረበውና ዳኞቹን ጉድ አሰኘ። በ2019 አንድ ፓውንድ፣ ማለትም ከግማሽ ኪሎ የሚያንስ ቡና፣ በ1,029 ዶላር ተሸጠ። ስሙ «ጌሻ» ነው። የኛው ጌሻ! እንደውም ብዙ ፈረንጅ «ጌይሻ» ብሎ ስለሚጽፈው የጃፓን ነገር የሚመስለው አለ።

ጌሻ የሚባል ቦታ ከፋ ውስጥም፣ በድሮው ቤንች ማጂም ስላለ እዚያ ስትደርሱ እንዳይምታታባችሁ። የፓናማው ቡና ታሪክ የሚያያዘው ከማጂ በኩል ካለው ደን ጋር ነው።

ያን ዘር ከጫካው የለቀሙት እጆች የማን እንደነበሩ የጻፈ የለም። ለደኑ ባለቤቶችም የተከፈለ ነገር የለም። ያኔ ሕጉም አልነበረም፤ የብዝኃ ሕይወት ስምምነቱ የመጣው በ1992 ነው፣ የማኅበረሰብን መብት የሚያስከብረው የኛ አዋጅ ደግሞ በ2006 (አዋጅ ቁጥር 482)። ዘሩ ግን ከአዋጁ 70 ዓመት ገደማ ቀድሞ ሄዷል።

5. እርሻውና ደኑ

ከሚዛን ወጣ ብሎ የበበቃ የቡና እርሻ አለ፤ ስፋቱ ወደ 10 ሺህ ሄክታር ነው። በደርግ ጊዜ የመንግሥት እርሻ ነበር። በ2013 ከሊሙ እርሻ ጋር ለሆራይዘን ፕላንቴሽን ተሸጠ። በሌላ በኩል የሸካ ደን በ2012፣ የመዠንግር ደን በ2017 በዩኔስኮ ተመዝግበዋል። ረጃጅሙ ዛፍ ላይ የተሰቀለ ቀፎ ካያችሁ ባለቤት አለው። ዛፉም ባለቤት አለው፤ በልማድ የታወቀ ነው። «ባዶ ጫካ» የሚባል ነገር እዚያ የለም።

መሬት ደግሞ ስስ ጉዳይ ነው። ከ1984ቱ ድርቅ በኋላ ከወሎና ከትግራይ ብዙ ሰው ወደዚህ ምዕራብ ሰፍሯል። በ2002 በቴፒ አካባቢ በአስተዳደር ጥያቄ በተነሳ ግጭት የሸኮና የመዠንግር ሰዎች አልቀዋል። በ2012 ከጉራፈርዳ ብዙ አማራ ገበሬዎች ተፈናቅለዋል። ሁሉም የራሱ ሐዘን አለበት። ቡና ቤት ተቀምጣችሁ «ይሄ አገር የማን ነው?» ብላችሁ አትጀምሩ።

6. ለሰውነታችሁ

ቴፒና በበቃ ቆላ ናቸው፤ ወባ አለ። አጎበር ያዙ፣ ትኩሳት ከጀመራችሁ ከተመለሳችሁ በኋላም ቢሆን ወዲያው ተመርመሩ። ዝናቡ ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል፤ «በጋ ነው» ብላችሁ ጃንጥላ እንዳትተዉ። ለቀማውን ለማየት ከመስከረም መጨረሻ እስከ ታኅሣሥ ሂዱ። ጎደሬና ቆጮ ቅመሱ። የቡና ቅጠል ከዝንጅብልና ከሚጥሚጣ ጋር አፍልተው ሲሰጧችሁ እምቢ አትበሉ፤ ጨሞ ይሉታል። ስትመለሱ ኮረሪማ፣ ቁንዶ በርበሬ፣ እርድና የጫካ ማር ግዙ። ከገበሬው እጅ ቢሆን ይመረጣል፤ ዋጋ ስትከራከሩም ያችን 1,029 ዶላር አስታውሱ።

መልካም መንገድ! የአካባቢው ልጆች የጎደለ ካለ ሙሉበት፤ ከኔ ይልቅ እናንተ ታውቁታላችሁ።