ከጀልባዋ ላይ የሚታዩ ሁለት ሕንፃዎች

አላህ ብሎልህ ኢስታንቡልን ለማየት ከታደልክ፣ ከኤሚኖኑ በጎብኚዎች ጀልባ ተሳፍረህ በቦስፎረስ ሰርጥ ወደ ሰሜን መጓዝህ አይቀርም። በስተግራህ ነጩ የዶልማባህቼ ቤተ መንግሥት ብቅ ይላል። ሰው ሁሉ ካሜራውን የሚያነሣው እዚህ ነው። 285 ክፍሎች አሉት፤ ጣሪያዎቹ በወርቅ ያሸበረቁ ናቸው። ሱልጣን አብዱልመጂድ እ.ኤ.አ. በ1856 አስጨርሶ ገባበት። መንግሥቱ ግን ከሁለት ዓመት በፊት የመጀመሪያውን የውጭ ብድር ከአውሮፓ ወስዶ ነበር። ጥፋቱን ሁሉ በቤተ መንግሥቱ ላይ መጫን ፍርደ ገምድልነት ይሆናል፤ የክራይሚያ ጦርነትም ነበረ። ሆኖም ብድር ብድርን ጠራ። በ1875 ዕዳውን በሙሉ መክፈል አቃተው። በ1881 የአበዳሪዎቹ ተወካዮች የሚመሩት መሥሪያ ቤት እዚያው ኢስታንቡል ተቋቁሞ የጨው፣ የትንባሆና የሐር ገቢ ይሰበስብ ጀመር። የጨው እንኳ! እስቲ አስበው።

ሰርጡ ጠብቦ 700 ሜትር ገደማ በሚሆንበት ቦታ ደግሞ የሩሜሊ ሒሳር ምሽግ ይቀበልሃል። ወርቅ የለውም፤ ድንጋይ ነው። የ20 ዓመቱ ሱልጣን ሙሐመድ አል-ፋቲሕ የሦስቱን ታላላቅ ግንቦች ሥራ ለሦስት ሹማምንቱ አከፋፍሎ በ1452 በአራት ወራት ገደማ አስጨረሰው። በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ፣ አልቆምም ያለ የቬኒስ መርከብ ከዚሁ ምሽግ በተተኮሰ መድፍ ሰጠመ። በተከታዩ ግንቦት ቁስጥንጥንያ ተከፈተች። ፊት ለፊት በእስያ በኩል የምታየው አነስተኛ ምሽግ የቅድመ አያቱ የባየዚድ ሥራ ነው፤ እርሱ ከተማይቱን ከቦ ሳይዛት ቀርቷል።

አጫጭሮቹ ጉዞዎች እዚህ አካባቢ ይዞራሉ። ያን ጊዜ ካሜራህን ክፈትና ከሁለቱ የትኛውን አብዝተህ እንዳነሣህ ተመልከት።