የጁኖ ሰዎችና የመርከብ እጣቢ

ሲያትል ውስጥ ታክሲ እነዳለሁ። ከግንቦት እስከ መስከረም ከሲታክ አውሮፕላን ማረፊያ ወደ ፒር 91 የማደርሳቸው መንገደኞች ወደ አላስካ የሚሳፈሩ ናቸው። አንዱ ትልቅ መርከብ ብቻ ብዙ ሺህ ሰው ይይዛል። ያ ሁሉ ሰው በልቶ፣ ታጥቦ፣ ሽንት ቤት ገብቶ ፍሳሹ የት እንደሚደርስ ስጠይቅ ነው የጁኖን ታሪክ ያገኘሁት። (ዓመቶቹን እንደ ፈረንጆቹ ነው የምጽፈው።)

ጁኖ የአላስካ ዋና ከተማ ብትሆንም ከሌላው ዓለም የሚያገናኛት የመኪና መንገድ የላትም። ነዋሪዋ 32 ሺህ ገደማ ነው፤ ሳልመን ዓሣ የሚያጠምደው ከደጁ ነው። በ1999 ሐምሌ ወደ አላስካም መርከብ የሚልከው ሮያል ካሪቢያን ኩባንያ 21 የወንጀል ክሶችን አምኖ 18 ሚሊዮን ዶላር ሊከፍል ተስማማ። መርከቦቹ ዘይት የተቀላቀለበት ቆሻሻ ውሃና ኬሚካል በድብቅ ወደ ባሕር ሲደፉ ነበር። የመርከቦቹ ሠራተኞች ደግሞ ደረታቸው ላይ «ማዕበሉን አድኑ» የሚል ባጅ ያደርጉ ነበር። ይህን ሳነብ አሁንም ያንገበግበኛል።

በዚያው ዓመት ጥቅምት የጁኖ ሕዝብ በድምፁ በእያንዳንዱ የመርከብ መንገደኛ ላይ የ5 ዶላር ግብር ጣለ። ትልቁ ነገር የመጣው ግን በ2000 ነው፤ በግፊት ብዛት የመርከቦቹ ፍሳሽ በናሙና ተመረመረ። ከ80 ናሙና የፌዴራሉን መስፈርት ያሟላው 1 ብቻ ሆነ። የኩሽናውና የሻወሩ እጣቢ፣ ማንም የማይፈራው ውሃ፣ በባክቴሪያ ብዛት ከሽንት ቤቱ ፍሳሽ የማይተናነስ ሆኖ ተገኘ። የሽንት ቤቱ ፍሳሽ መስፈርቱን ያላሟላበት ምክንያት ግልጽ ነው፦ ማጣሪያ መሣሪያው ፈቃድ የሚያገኘው በፋብሪካ ሙከራ ነበር፤ መርከብ ላይ ከተገጠመ በኋላ የሚወጣውን ውሃ እንዲለካ የሚያስገድድ ሕግ አልነበረም። ወረቀቱን አምነው ሁሉም ዝም አሉ።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ፈጠነ። በ2000 ታኅሣሥ ኮንግረስ በአላስካ ደሴቶች መካከል የፍሳሽ ሕግ የማይደርስባቸው የነበሩትን የባሕር ክፍሎች በሕጉ ሥር አስገባ፤ በ2001 ክልሉ የራሱን ሕግ አወጣ፤ ኩባንያዎቹም የተሻለ ማጣሪያ መግጠም ጀመሩ።

ሕዝቡ ግን በዚህ አልረካም። የአላስካዋ ሄይንስ ከተማ ነዋሪ ጌርሾን ኮኸንና የጁኖው ጠበቃ ጆ ጌልድሆፍ የመሩት የሕዝብ ውሳኔ በ2006 አሸነፈ። ከእያንዳንዱ መንገደኛ በሚሰበሰብ 4 ዶላር «ኦሽን ሬንጀር» የሚባል ፈቃድ ያለው የባሕር መሐንዲስ አብሮ እየተሳፈረ ማጣሪያውን፣ መዝገቡንና ቧንቧውን እንዲያይ ተደረገ። እኔ ከዚህ ታሪክ የማደንቀው ይህንን ነው፤ ከወደብ ቆሞ የሚያይና ሞተር ክፍል ገብቶ የሚያይ አንድ አይደሉም።

በ2019 የአላስካ ገዢ በጀቱን ሰረዙት፤ ሬንጀሮቹም ከመርከቦቹ ወረዱ። በ2023 ጁኖ ከ1.6 ሚሊዮን በላይ የመርከብ መንገደኛ አስተናግዳለች። እንግዳው ሲበዛ ተቆጣጣሪን ማንሳት ስሕተት ነው፤ ይህን ሳልሸፋፍን ነው የምለው።

እኛ የምንኖርባት የሲያትል ወደብም ከ2004 ጀምሮ ከኩባንያዎቹ ጋር የፍሳሽ ስምምነት አለው፤ በ2018 ደግሞ በፒዩጀት ሳውንድ የመርከብ ሽንት ቤት ፍሳሽ መልቀቅ ተከልክሏል። የወደቡ ኮሚሽን ስብሰባ ለሕዝብ ክፍት ነው፤ ማንም ተመዝግቦ መናገር ይችላል። ከመርከቦቹ እንጀራ የምንበላ ሾፌሮችና የሆቴል ሠራተኞች እንሂድና «ውሃውን ማን ለካው? ውጤቱስ የታለ?» ብለን እንጠይቅ።